የግራና የውሃ ተራና አደራ ጠባቂው ሌባ

ወልድያ ቅርንጫፍ ሥራ የጀመርኩ ዕለት ሥራ አስኪያጁ አቶ ደረጀ ሦስት ነገር አስፈርመው አስረከቡኝ፤ ሜትር፣ የእጅ ባትሪና አንድ ጥራዝ የካሳ መጠየቂያ ቅጽ። ማዕረጌ «ጀማሪ የካሳ ገምጋሚ» ነበር። ጀማሪ የምትለዋ ቃል የተነሣችልኝ ጸጉሬ መሸበት ከጀመረ በኋላ ነው።

«ስማ ጌታቸው» አሉኝ። «ጉዳት የደረሰበት ሰው ሁሉ ያለቅሳል። አንተ አብረህ አታልቅስ። ሦስት ነገር ጠይቅ። መቼ ደረሰ? በምን ደረሰ? ማን አየ? ሦስቱ ከተሟሉ ፋይሉ በራሱ እግር ይሄዳል።»

በዚያው ቀን ውርጌሳ ላኩኝ። ሽንኩርት የጫነ አይሱዙ ከመንገድ ወጥቶ ተገልብጧል። ሾፌሩ ግመል ገባብኝ አለ። የተሰበሰበው ሰው ሁሉ በአንድ ድምፅ ግመል ነው አለ። «ግመሉ የማን ነው?» ብዬ ቅጼን ስዘረጋ ግን ግመል ያየ ሰው ጠፋ። ተመልሼ ለአቶ ደረጀ ስነግራቸው እስኪበቃቸው ሳቁና «እንኳን ደህና መጣህ» አሉኝ።

ከዚያ በኋላ ስንት መኪና፣ ስንት ሱቅ፣ ስንት ወፍጮ ቤት ገመገምኩ። ጡረታ ወጥቼ ከቅርንጫፉ ልጆች ጋር ስቀመጥ የሚጠይቁኝ ግን ስለ አንድ ፋይል ብቻ ነው፤ ስለ ግራናው። እነሱ ዛሬ የሳይበር መድን የሚባል ነገር ይሸጣሉ፣ ኮምፒውተር ቆልፎ ገንዘብ ስለሚጠይቅ ሌባ ሥልጠና ይወስዳሉ። እኔ ያንን ፋይል የያዝኩት ስሙ እንኳ ሳይደርሰን፣ ያውም በጦርነት መሀል ነው።

ነገሩ እንዲህ ጀመረ። አንድ ፕሮጀክት ለግራና መስኖ ተጠቃሚዎች ማኅበር ኮምፒውተር ሰጠ። መድን ይግባለት ስላሉ ዕቃውን አይቼ እንድመዘግብ ተላክሁ። ከመርሳ በባጃጅ ሄድኩ።

ግራና ላይ ውሃው ከወንዝ ተጠልፎ በቦይ ይመጣል። እያንዳንዱ ገበሬ ቀንና ሰዓት አለው። ማን በየትኛው ቀን፣ ከየትኛው ሰዓት እስከ የትኛው ሰዓት ቦዩን ወደ ማሳው እንደሚከፍት የሚያውቀው የውሃ አባት ይባላል። የውሃ አባቱ ሐጂ እንድሪስ ነበሩ። አርባ ዓመት ሙሉ የሁሉንም ተራ በጭንቅላታቸው ይዘው አንድ ቀን ተሳስተው አያውቁም ይባላል። የተጻፈ ነገር አልነበረም።

ኮምፒውተሩ ሲመጣ የማኅበሩ ጸሐፊ ሰይድ ከሐጂ ጋር ሁለት ሳምንት ተቀምጦ ሁሉንም ጻፈ። በመጨረሻው ቀን ሽማግሌዎች ተሰብስበው ዱዓ ተደረገ። ሐጂ መዳፋቸውን ስክሪኑ ላይ አሳርፈው «አስረክቤያለሁ» አሉ። እኔ የደረስኩት «አሚን» እየተባለ ነው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰው መጥቶ «ሐጂ፣ ተራዬ መቼ ነው?» ሲላቸው በከዘራቸው ቢሮውን ያሳያሉ እንጂ መልስ አይሰጡም። «ያስረከቡትን አደራ መልሶ በሆድ መያዝ ስርቆት ነው» አሉኝ። ሰውዬው የምራቸውን ነበር። አርባ ዓመት ያስታወሱትን ነገር በትጋት መርሳት ጀመሩ።

ቅጼ ላይ አንድ ጥያቄ ነበረች። «የመረጃው ሁለተኛ ቅጂ አለ ወይስ የለም?» ትላለች። ሰይድን ብጠይቀው «ሐጂ ዘንድ አለ» አለ። ሐጂን ብጠይቅ «ኮምፒውተሩ ዘንድ አለ» አሉ። ባጃጁ እየጠበቀኝ ነበር። «አለ» ብዬ ጻፍኩ።

የሸጥንላቸው የኤሌክትሮኒክስ ዕቃዎች መድን ነው። በውሉ መጨረሻ፣ በደቃቅ ፊደል፣ የጠፋ መረጃን መልሶ ለማደራጀት የወጣ ወጪ ይካሳል የምትል አንቀጽ አለች። ባለመድኑ አላነበባትም። እኔም አላነበብኳትም።

በሚቀጥለው ዓመት ሐምሌ መጨረሻ ላይ ሰይድ ደወለ። «ጋሽ ጌታቸው፣ ኮምፒውተሩ ቀላ» አለኝ።

«ተቃጠለ?»

«ኧረ አልተቃጠለም። ቀላ ነው የምልዎት።»

ሄጄ ሳየው እውነትም ቀልቷል። ሰይድ መርሳ አንድ ሰው ዘንድ መንዙማ በፍላሽ አስጭኖ መጥቶ ሰክቶት ነው፤ ፍላሹ ቫይረስ ይዞ ኖሯል። ስክሪኑ ላይ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ደብዳቤና ወደ ኋላ የሚቆጥር ሰዓት አለ። ቢሮው በር ላይ ግማሹ ግራና ቆሟል። ከፊት የቆመችው ከድጃ የምትባል ሴት ናት።

የከድጃን ጉዳይ አስቀድሜ ልንገራችሁ። ባሏ መጋቢት ላይ ሞተ። አርባው እንደወጣ የባሏ ወንድም አሊ «የሐሙስ ንጋት ተራ የእኔ ነው፤ ለወንድሜ አውሼው ነበር» አለ። ተራው ከሄደ ሽንኩርቷ አይኖርም፤ ሽንኩርቱ ከሌለ ሦስት ልጆቿን የምታበላው የለም። ማስረጃዋ ኮምፒውተሩ ውስጥ ያለው ዝርዝር ብቻ ነው። ሐጂ እንዳይመሰክሩላት ደግሞ የእህታቸው ልጅ ናት። «ለሥጋዬ መስክሬ ቦዩን አላረክስም» አሉ።

ደብዳቤውን ተረጎምኩላቸው። የማኅበሩን መረጃ ቆልፈናል፣ ቅጂውንም ወስደናል ይላል። በአሥር ቀን ውስጥ ቢትኮይን የሚባል ገንዘብ ላኩ፤ ካልላካችሁ ምስጢራችሁን ሁሉ ለዓለም እንገልጣለን ይላል።

ሐጂ አገጫቸውን ከዘራቸው ላይ አሳርፈው ሲያዳምጡ ቆዩ።

«ለዓለም ሲል ለአሊም ጭምር ነው?»

«አዎ ሐጂ፣ ለሁሉም ሰው ነው።»

«ታዲያ ምን ያስጮኻችኋል? ደግ ሰው ነው።»

የተቃወመው አሊ ብቻ ነው። «የአገር ምስጢር ለባዕድ አሳልፎ መስጠት!» እያለ እጁን አወናጨፈ።

ለዋናው መሥሪያ ቤት የጉዳት ማስታወቂያ ላክሁ። «በምን ደረሰ?» የሚለው ቦታ ላይ እሳት፣ ስርቆት፣ ግጭት፣ ጎርፍ ተብሎ ታትሟል፤ ምልክት የማደርግበት አጣሁ። ከታች «በመንዙማ» ብዬ ጽፌ መልሼ ሰረዝኩት። የካሳ መምሪያው በፋክስ መለሰ። እንዲህ ላለ ጉዳት የውጭ አገር ድርጅቶች ከሌባው ጋር የሚነጋገር ልምድ ያለው ተደራዳሪ ይመድባሉ፤ እናንተስ መድባችኋል ወይ? አለ።

እኔ ቅጽ ባዶ አልተውም። «ሐጂ እንድሪስ። የሥራ ልምድ፦ አርባ ዓመት። ያስታረቁት፦ ደም የተቃቡ፣ ድንበር የተገፋፉ፣ በሚስት የተካሰሱ» ብዬ ላክሁ። የሙያ ፈቃዳቸው ኮፒ ይላክ ተባልኩ። ሐጂን ፈቃድ አለዎት ወይ ብላቸው ተቆጡ። «ለማስታረቅ ማንን ነው የማስፈቅደው?» አሉኝ።

ሽማግሌዎቹ ግን ሥራቸውን ጀምረው ነበር። ለወሎ ሽማግሌ በዳይ በዳይ ነው፤ ፊቱ አይታይም ተብሎ እርቅ አይቀርም። ሐጂ ያወራሉ፣ እኔ ከቅጽ በለቀምኳት እንግሊዝኛዬ እተረጉማለሁ፣ ሰይድ ደብዳቤው ላይ ወዳለው አድራሻ በስልኩ ይጽፋል።

«አሰላሙ ዓለይኩም። ስምህን ባናውቀውም የእናት ልጅ ነህ። እኛ የግራና ሽማግሌዎች ነን። የያዝከው የውሃ ተራ ነው። ወርቅ መስሎህ ከሆነ ተሳስተሃል። እኛ በድለንህ ከሆነ ንገረን፤ አንተም በደልህን እይ። ቀጠሮ ስጠን።»

ሌባው የገንዘቡን ልክ ብቻ ጽፎ መለሰ። ቢትኮይን ምንድን ነው ቢሉኝ የማይታይ ገንዘብ ነው አልኩ። አንድ ሽማግሌ «የማይታይ ሰው የማይታይ ገንዘብ ይጠይቃል። ወላሂ ይሄ ጅን ነው» አሉ።

«ጅን ቀን አይቆጥርም» አሉ ሐጂ። «ጻፍ ሰይድ። ገንዘብ የለንም። እገልጣለሁ ያልከውን ግን ወደነዋል። አላህ ያክብርህ፣ ግለጥልን።»

ሌባው ግራ የተጋባ ይመስለኛል። በማግስቱ የጠየቀውን በግማሽ ቀነሰው። ሐጂ ፈገግ አሉ። «አየህ፣ ለሰሰ። በሚቀጥለው ይታረቃል።»

ስክሪኑ ላይ ሦስት ቀን ሲቀር መብራቱም ኔትወርኩም ጠፋ። ጦርነቱ ወደ እኛ መጣ። በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ይሉታል ይሄን። ያ ቀይ ሰዓት እንደ እኛ ሁሉ ጨለማ ውስጥ ቀረ።

ወልድያን የለቀቅኩት በእግሬ ነው። የቅርንጫፋችን መመሪያ በአደጋ ጊዜ ያልተዘጉ ፋይሎች ቀድመው ይውጡ ይላል። ጠረጴዛዬ ላይ የነበረው የግራናው ስለሆነ እሱን ከሁለት ዳቦ ጋር በፌስታል ከትቼ ወጣሁ። ሚስቴ «ብርድ ልብሱን ትተህ ወረቀት ትይዛለህ?» አለችኝ። ፈርቼ ነበር፤ የፈራ ሰው እጁ የለመደውን ያነሣል።

ደሴ፣ ተፈናቃይ በተጠለለበት አንድ ትምህርት ቤት ውስጥ፣ ከድጃን ከነልጆቿ አገኘኋት። ከሰላምታ በኋላ ዓይኗ ፌስታሉ ላይ አረፈ።

«ጋሽ ጌታቸው፣ የኛ ወረቀት ነው?»

«አዎ።»

«እስቲ ስለ ተራዬ የሚል ነገር ካለ ያንብቡልኝ።»

ገለባበጥኩ። ስለ ተራዋ የሚል የለም። ባዶዋን ላለመመለስ የራሴን የእጅ ጽሑፍ አነበብኩላት። «የመረጃው ሁለተኛ ቅጂ፦ አለ» ይላል አልኳት።

ፊቷ በራ። «አልሐምዱሊላህ! የት ነው ያለው?»

የት እንዳለ አላውቅም ነበር። የትም አልነበረም። ባጃጅ እንዳያመልጠኝ ብዬ የጻፍኳት አንዲት ቃል ናት። ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ሄጄ አለቀስኩ። በሥራ ዘመኔ የአቶ ደረጀን ትእዛዝ የጣስኩት ያን ቀን ብቻ ነው።

ወራት አልፈው ስንመለስ ቅርንጫፉ ተዘርፎ አገኘሁት። ኮምፒውተር የለም፣ ወንበር የለም፣ ሜትሬም የለችም። የአስተያየት መስጫ ሳጥኑ ብቻ በግድግዳው ላይ ተሰቅሎ ቀርቷል። ከፍቼ አየሁ፤ ማንም አስተያየት አልሰጠም።

ግራናም ሄድኩ። የማኅበሩ ኮምፒውተር ተወስዷል። የቀረችው ማውሷ ናት። ሐጂ እንድሪስ መንደሩን ሳይለቁ ነው የሰነበቱት፤ ከስተዋል።

«ዘራፊዎቹን፣ ተቆልፏል፣ አይረባችሁም አልኳቸው» አሉኝ። «ቁልፉን አምጣ ብለው ጠረጴዛውን ፈተሹት።»

ለዋናው መሥሪያ ቤት ጻፍኩ። አሁን ነው ጉድ የመጣው። በውላችን በጦርነት የደረሰ ጉዳት አይካስም። መምሪያው ስብሰባ ተቀመጠና ጥያቄ ላከ። መረጃው የጠፋው በቫይረሱ ነው ወይስ በጦርነቱ? በቫይረሱ ነው፣ ጦርነቱ የመጣው በኋላ ነው ብዬ መለስኩ። የሌባው ቀነ ገደብ ጦርነቱ ሲደርስ አልፎ ነበር? አሉ። ሦስት ቀን ቀርቶት ነበር አልኩ። እንግዲያው መረጃው ገና ሊመለስ ይችል ነበርና ያጠፋው ጦርነቱ ነው አሉ። ዘራፊዎቹ ፋይሉን ከፍተው ለማንበብ ሞክረው እንደነበር ተጣርቶ ይገለጽ የሚልም ተጨመረ። «ዘራፊዎቹን ለማነጋገር አድራሻቸውን አላገኘሁም» ብዬ ጻፍኩ። በመጨረሻ የተጎዳው ዕቃ ትራፊ ለኩባንያው ገቢ ይሁን ሲሉ ማውሷን በሞዴል ቅጽ ልኬ ደረሰኝ ተቀበልኩ። ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ነው።

እኛ ስንጻጻፍ በጋው ገፋ። ማሳው ውሃ ይፈልጋል። ሰው ተራውን በየፊናው ያስታውስ ጀመር፤ ሁሉም ያስታወሰው ንጋት ንጋቱን ነው። አንድ ሐሙስ ከድጃ ቦዩን ልትከፍት ስትሄድ አሊ አካፋ ይዞ ቆሞ አገኘችው። ሰው ባይደርስ ኖሮ ከጦርነት የተረፉ ሁለት ቤተ ዘመዶች በአካፋ ይተላለቁ ነበር። ከድጃ ኔትወርክ ወዳለበት መርሳ ሄዳ ደወለችልኝ። «ጋሽ ጌታቸው፣ ሽንኩርቱ ቢበዛ ሁለት ሳምንት ነው የሚቆየው» አለች። ስለ ቅጂው መልሳ አልጠየቀችኝም። ብትጠይቀኝ ይሻለኝ ነበር።

ግራና ላይም ኔትወርክ እንደተመለሰ ሰይድ የስልኩን መልእክት ከፈተ። ሌባው በሌለንበት ደጋግሞ ጽፏል። መጀመሪያ «ጊዜያችሁ አለቀ»፣ ቀጥሎ «የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ»፣ ቀጥሎ ሌላ የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ። ከሁሉም ኋላ የመጣው «አላችሁ ወይ?» ብቻ ይላል።

ያን ጊዜ ነው ነገሩ የገባኝ። የሐጂ ጭንቅላት አስረክቧል። ኮምፒውተሩ ተዘርፏል። በዓለም ላይ የግራና የውሃ ተራ ያለው ሌባው ዘንድ ብቻ ነው። «አለ» ብዬ የጻፍኩት ሁለተኛ ቅጂ እውነትም አለ፤ ያስቀመጠልን ሌባው ነው።

ሽማግሌዎቹ ቦዩ ዳር ተሰበሰቡ። ሐጂ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ጻፍ ሰይድ። አሰላሙ ዓለይኩም። አለን፤ የሞቱብን ሞተውብናል። ቀጠሮ ያላከበርነው ጦርነት ይዞን ነውና ይቅር በለን። አንተ ግን ምን ይዞህ ነው? እገልጣለሁ ብለህ ነበር። ስንት ወር ሆነህ። ሰው በቃሉ ነው። ካልገለጥክ ግን ውሸታም ነህ እንላለን፤ ለጠየቀንም ሁሉ እንናገራለን።»

የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር ስተረጉም ሁለት ጊዜ መዘንኳት። ስድብ ይሆንብን ይሆን ብዬ ነው።

በአምስተኛው ቀን መልስ መጣ፤ አንድ አድራሻ ብቻ። መርሳ ፎቶ ኮፒ ቤት ሄደን ከፈትነው። ሌባው የዘረፋቸውን የሚለጥፍበት ገጽ ነው። የውጭ አገር ፋብሪካ፣ የውጭ አገር ጠበቆች፣ የማላውቀው አገር ሆስፒታል፤ ከነሱ በታች የግራና መስኖ ተጠቃሚዎች ማኅበር። የሌሎቹ ባለቤቶች ያን ገጽ ሲያዩ ደማቸው ይደርቅ ይሆናል። ሰይድ ስሙን ሲያይ ጮኾ ዘለለ። ኔትወርኩ እየተቆራረጠ እስከ ዐሥር ሰዓት አወረድነው። በሁለት ቅጂ አሳተምነው።

በማግስቱ፣ ሐሙስ፣ ገና ሲነጋ ቦዩ ዳር ተነበበ። ሰይድ ከሰኞ ጀመረ። ሐሙስ ላይ ሲደርስ ቆም ብሎ ከድጃን አያት፣ ከዚያ የባሏን ስም ከነአባቱ አነበበ። ከጎኑ «የግሉ፤ የውሰት አይደለም» የምትል ማስታወሻ አለች። ሐጂ ራሳቸው ሲያስረክቡ ያስጻፏት ናት።

አሊ «ወረቀቱ ተሠርቶ ነው!» አለ።

«ማን ሠራው?» አሉ ሐጂ። «እኔ እንዳልመሰክር ዘመድ ነኝ። ሰይድ ሠራው እንዳትል ያንተ ጓደኛ ነው። ይሄን ያመጣው ሌባ ነው አሊ። አንተን አያውቅ፣ እሷን አያውቅ፣ ከማናችንም እህል አልቀመሰ። ከዚህ የተሻለ ምስክር ከየት ልውለድልህ?»

አሊ የያዘውን አካፋ ለከድጃ አቀበላትና ቦዩን ራሷ ከፈተች። ውሃው ማሳዋ ሲገባ ፊቷን በሻሿ ሸፈነች። እኔም ፊቴን አዞርኩ።

ካሳው ምን ሆነ ትሉኝ ይሆናል። ኮምፒውተሩ በጦርነት ነው ተባለና አልተካሰም። መረጃውን ለመመለስ የወጣው ወጪ የፎቶ ኮፒ ሒሳብ ብቻ ነበር፤ እሱም ባለመድኑ በውሉ መሠረት ራሱ ከሚሸፍነው መጠን በታች ሆኖ ተገኘ። የመዝጊያ ቅጹ ላይ «ንብረቱን ያስመለሰው ሰው» የሚል ቦታ አለ፤ «ሌባው» ብዬ ሞላሁ። ከአንድ ወር በኋላ ዋናው መሥሪያ ቤት ለተጠቀሰው ግለሰብ የምስጋና ደብዳቤ መዘጋጀቱን ገልጾ የፖስታ ሣጥን ቁጥሩን ጠየቀኝ። ያ ደብዳቤ እስከ ጡረታዬ መሳቢያዬ ውስጥ ነበር።

ካተምናቸው ሁለት ቅጂዎች አንዱ ማኅበሩ ቢሮ ግድግዳ ላይ ተለጠፈ። ሁለተኛውን በፌስታል ጠቅልዬ መርሳ የሚኖር ሌላ ሰው ቤት አስቀመጥኩት፤ ከዚያም የግራናን ፋይል አውጥቼ «አለ» ከምትለዋ ቃል አጠገብ የት እንዳለ ጻፍኩ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል። አሁን ቅጹን የምትሞሉት እናንተ የቅርንጫፉ ልጆች ናችሁና «አለ» ብላችሁ ከመጻፋችሁ በፊት ሄዳችሁ በዓይናችሁ እዩት። ባጃጁ ይጠብቅ።